ካነን አር 50 ወይስ ሶኒ ዜድቪ-ኢ10? ብሩን ከመቁጠራችሁ በፊት

«ካሜራ ልገዛ ነው፣ ካነን ይሻለኛል ሶኒ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ጓደኞችህ ምን ይዘዋል? የማሾፍ የሚመስለው አለ። የምሬን ነው ግን። እኛ ጋ ጀማሪ የሚገዛው ቦዲውንና አብሮት የሚመጣውን ትንሽ ሌንስ ነው፤ ሌላው ሁሉ በውሰትና በኪራይ ነው የሚሄደው። ሌንስ ከጓደኛ ይዋሳል፣ ፍላሽ ለቅዳሜና እሑድ ይከራያል፣ ባትሪ ሲያልቅበት ደግሞ ሰርጉ ላይ አጠገቡ የቆመውን ልጅ ይለምናል። ስለዚህ ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆቹ የሚያወዳድሩበት መንገድ ለእኛ በከፊል ብቻ ነው የሚጠቅመው።

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ልትገዛ ስትነሳ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ የማየት ዕድል አገኘሁ። ሶኒውን ከጓደኛዬ ተዋስኩ፣ ካነኑን ከሥራ ባልደረባዬ። ሁለቱም ሚረርለስ ናቸው፤ እንደ ድሮው ዲኤስኤልአር ውስጣቸው የሚገለበጥ መስታወት የለም፣ ለዚህም ነው ትንሽና ቀላል የሆኑት። ካነኑ ከነባትሪው 375 ግራም ነው፣ ሶኒው 343። ሶኒው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጣው፣ ካነኑ በ2023። ሲወጡ ሁለቱም ከነኪት ሌንሳቸው (ያ አብሮ የሚመጣው ሌንስ ነው) 800 ዶላር ገደማ ነበሩ። ሴንሰራቸው፣ ማለትም ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ክፍል፣ ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መጠን ነው፣ ሜጋፒክስላቸው 24.2፣ ያው ነው። በሜጋፒክስል ሊያሳምናችሁ የሚሞክር ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁት ቀጣዩ ሱቅ ግቡ።

የብር ዋጋ አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የካሜራ ዋጋ ምን እንደሆነ የምታውቁት ነው፣ ዛሬ የጻፍኩት በሁለት ወር ውስጥ መሳቂያ ያደርገኛል።

መጀመሪያ ስለ ፀሐዩ ላውራ፣ ምክንያቱም እኔን የወሰነኝ እሱ ነው። ሶኒው ቪውፋይንደር የለውም። ዓይናችሁን አስጠግታችሁ የምታዩበት ነገር የለም፣ ሁሉም ከኋላ ባለው ስክሪን ነው። ቤት ውስጥ ምንም አይደለም። ለጥምቀት እኩለ ቀን ላይ ጃንሜዳ ይዛችሁት ውጡና ታዩታላችሁ። ስክሪኑ ላይ የምታዩት የራሳችሁን ግንባር ነው። ሶኒውን ያዋሰኝ ጓደኛዬ ነጠላ ራሱ ላይ ጥሎ፣ ስክሪኑን ውስጥ ከቶ ነው የሚያነሳው፤ ከሩቅ ሲታይ ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል።

ይሄ ቀልድ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ነጭ ልብስ ለካሜራ ፈተና ነው። ብርሃኑ ትንሽ ከበዛ የነጠላው ሽመና ድራሹ ይጠፋል፣ የቀሚሱ ጥልፍ ብቻውን አየር ላይ የቀረ ይመስላል። ካነሰ ደግሞ ነጠላው ያምርና የለባሿ ፊት ይጠቁራል። ይሄን የሚመጥነው ሰው ነው፣ ለመመጠን ደግሞ ማየት ያስፈልጋል። አር 50 ቪውፋይንደር አለው። ትልቅ አይደለም፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ጠበብ ይላል፣ ግን ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ፎቶው ምን ሊመስል እንደሆነ ያሳያችኋል። ኤክስፖዠሩን፣ የብርሃኑን መጠን ማለት ነው፣ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ፣ አሁን ጥልፉም ሽመናውም ፊቷም አለ፣ ቀጭ። በሶኒው ይሄን ለማድረግ ወይ ጥላ መፈለግ ነው ወይ ደጋግሞ አንስቶ ማረጋገጥ።

ፎከሱ ላይ ጊዜ አላጠፋም። ሁለቱም ዓይን ፈልገው ይይዛሉ፣ የሚሮጥ ሕፃን ሳይቀር። ካነኑ አዲስ ስለሆነ የምታነሷት ልጅ ፊቷን ዞር ብታደርግም ጭንቅላቷን ይዞ ይከተላታል፣ መኪናና እንስሳም ይለያል። ሶኒውም ቢሆን ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው።

ወደ ፍላሽ ልለፍ። ይሄን የነገረኝ ሻጭ አንድም የለም። አር 50 ላይ ፍላሽ የሚሰካበት ቦታ አዲሱ ዓይነት ነው። የድሮዎቹ ካሜራዎች መሃል ላይ የምናውቃት ክብ ብረት እዚህ የለችም። ስለዚህ በየሰርጉ የምታዩት ተራ ጎዶክስ ፍላሽ፣ ወይም የስቱዲዮ መብራት የሚያስነሳው ትሪገር፣ ዝም ብሎ ቢሰካ አይነሳም፤ ካነን ለብቻው የሚሸጠው ኤዲ-ኢ1 የሚባል አዳፕተር ያስፈልገዋል። ዋጋው ብዙ ባይሆንም እዚህ ማግኘቱ ሌላ ጣጣ ነው። ካነኑን ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ለሚያመጣላችሁ ሰው አዳፕተሩን አብሮ እንዲገዛ ዛሬውኑ ንገሩት። ካሜራው ላይ የምትነሳ ትንሽ ፍላሽ አለች፤ ለኬክ ቆረሳ ትሆናለች፣ ለአዳራሽ ግን ወዲያ። ሶኒው ይህችንም የለውም። ሆኖም ለሶኒ የተሠራ ፍላሽ ካገኛችሁ ያለ ምንም አዳፕተር ይሰካል፣ ያበራል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሌንስ። የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች ቦርሳ ቢበረበር በብዛት የሚወጣው የድሮ ካነን ነው። 600ዲ አለ፣ 700ዲ አለ፣ ከሁሉም ጋር ያቺ ርካሽዋ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አለች (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ የሚያስገባው ብርሃን ይበዛል)። እነዚህ ሌንሶች አር 50 ላይ በሌንስ አዳፕተር (ከፍላሹ የተለየ ነው) ይገጥማሉ፣ ፎከሳቸውም ይሠራል። የእህቴ ልጅ አጎቷ ቤት 50ዋና አንድ ረጅም ዙም አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ለእሷ ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ ማለት ይቻላል። 50ዋ አር 50 ላይ ስትገጠም እንደ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ታቀርባለች፣ ለፊት ፎቶ ግሩም ናት፤ ጀርባውን ታለሰልሰዋለች፣ ማታም ከኪት ሌንሱ በብዙ እጥፍ የበለጠ ብርሃን ታስገባለች።

ቤታችሁ ምንም የድሮ ካነን ሌንስ ከሌለ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሶኒ ለሌሎች ሌንስ ሠሪዎች በሩን የከፈተው ቀደም ብሎ ነው። የሲግማ 30 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.4 እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ለሶኒ አለች፣ 16ዋና 56ዋም ተከትለዋል፣ ታምሮን አለ፣ ቪልትሮክስ አለ። ያገለገለም በየቴሌግራም ገበያው ይገኛል። ካነን በአንፃሩ አዲሱን አርኤፍ መግጠሚያውን ዘግቶ ይዞት ነበር። ለእነዚህ ትንንሽ ሴንሰር ላላቸው ካሜራዎች ሲግማን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። አሁን ምርጫው እየሰፋ ነው፣ ግን አዲስ ስለሆነ ያገለገለ ማግኘት ይከብዳል። ካነን ራሱ ለዚህ ካሜራ የሚሠራቸው ዙሞች ደግሞ ብርሃን ላይ ስስታም ናቸው። አብሮ የሚመጣውን 18-45 ብትወስዱ ሲጀምር ኤፍ 4.5 ነው፣ ዙም ስታደርጉበት 6.3 ይገባል። አመሻሽ ላይ ሳሎን ውስጥ፣ በአንድ አምፖል፣ ቡና ሲፈላ ለማንሳት ሞክሬበት አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ሲበዛ ምስሉን ያሻክራል) 6400 ደርሶ የረከቦቱ ጥቁር ክፍል ሁሉ አሸዋ ሆኗል። የሶኒው 16-50 ከ3.5 ይጀምራል፣ ትንሽ ይሻላል። ማታ ግን ሁለቱም ኪት ሌንሶች አይታመኑም።

ቪዲዮ ላይ ብዙ የምለው አለኝ። ቅድሚያ፣ ካሜራውን አሜሪካ ያለ ዘመድ ከላከላችሁ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የአሜሪካ የቪዲዮ ሥርዓት ላይ ተስተካክሎ ሊመጣ ስለሚችል ሜኑ ገብታችሁ ለእኛ ወደሚሆነው ፓል ቀይሩት። የእኛ መብራት በሰከንድ 50 ዑደት ነው፣ የአሜሪካ 60። ሳትቀይሩ በሰከንድ 30 ፍሬም (30 ምስል) ቢሮ ውስጥ ብትቀርጹ፣ ሸምበቆ አምፖል ካለ ጀርባው ላይ ጥቁር መስመር ሲንከባለል ታያላችሁ፣ አርትዖት ላይ ደግሞ አይወጣም። ፓል፣ 25 ፍሬም፣ ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሰከንድ፣ አለቀ። ሶኒው ስትቀይሩት ሜሞሪውን ፎርማት አድርጉ ይላችኋል። ስለዚህ ያነሳችሁትን መጀመሪያ ኮፒ አድርጉ፣ በኋላ እንዳታለቅሱ።

ለሶኒ ባለቤት ይሄ ሌላ ጥቅም አለው። ዜድቪ-ኢ10 ፎር ኬ በ30 ፍሬም ሲቀርጽ ምስሉን ከዳር ዳር ቆርጦ ያጠባል። በ25 ግን ሙሉውን ይጠቀማል። ፈረንጆቹ በ30 ቆረጠብን እያሉ የሚማረሩበት ነገር ፓል ላይ ላለ ሰው ብዙም አይነካውም። ካነኑ በ30ም በ25ም አይቆርጥም።

ራሳችሁን እየቀረጻችሁ የምታወሩ ከሆነ ግን ሶኒው በግልጽ ይበልጣል። ሌንሱ ሰፊ ነው። በድሮው ፊልም ሚዛን 24 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካነኑ 29 ገደማ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ምስሉ ይሰፋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስትይዙት ግን በካነኑ ፊታችሁ ስክሪኑን ይሞላዋል፣ ከኋላችሁ ያለው እንጦጦ ይሁን መገናኛ አይለይም። ሁለቱም ቦዲያቸው ውስጥ ማረጋጊያ የላቸውም፣ ሌንሳቸው ግን አለው። በሶፍትዌር የሚያረጋጋውን ስታበሩት ደግሞ ምስሉን ይበልጥ ያጠቡታል፣ ይሄኔ የካነኑ ጥበት ይብሳል። እየሄዱ ለመቅረጽ ጊምባል፣ ካሜራውን የሚያረጋጋው መያዣ፣ የግድ ነው፤ ካልሆነ ቆማችሁ አውሩ።

ድምፅ ላይም ሶኒው ነው። ከላይ ያለው ማይክ ጥሩ ነው፣ ለነፋስ የሚሆን ጸጉራም ክዳን ከካርቶኑ ይወጣል። ከሁሉ በላይ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው። አር 50 ማይክ መሰኪያ አለው፣ ማዳመጫ የለውም። ቃለ መጠይቅ የሚቀርጽ ሰው ይሄን ንቆ እንዳያልፍ። ገመዱ በደንብ ሳይገባ ቀርቶ፣ ቤት ተገብቶ ሲከፈት የእንግዳው አፍ ብቻ ሲንቀሳቀስ ማየት አለ። ስክሪን ላይ የድምፅ መለኪያው ሲዘል ማየት አንድ ነገር ነው፣ በጆሮ መስማት ሌላ።

ካነኑ አንድ ቅጂ ከ1 ሰዓት በላይ አይሄድም፣ ራሱ ያቆማል። ለቲክቶክና ለዩቲዩብ ምንም አይደል። ስብከት፣ ምርቃት፣ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ ያለ ሰው ግን ሰዓቱን እያየ መቆም አለበት። ሶኒው እንዲህ ያለ ገደብ የለውም። ሙቀት ግን ያጠፋዋል፤ ሜኑው ውስጥ በሙቀት ምክንያት የሚጠፋበትን ደረጃ «ከፍተኛ» ላይ አድርጉት፣ ስክሪኑንም ከቦዲው ነጠል አድርጋችሁ ክፈቱት።

ስለ ሶኒው አንድ መጥፎ ነገር ልንገራችሁ። ካሜራውን ቶሎ ወደ ጎን ስታዞሩት ቀጥ ያለው ምሰሶ ይንጋደዳል። ሴንሰሩ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ አንብቦ እስኪጨርስ ነገሩ ቦታ ይቀይርበታል። እስክስታ ቀርጬበት አይቻለሁ። ፈጠን ያለው የጎንደር ትከሻ ላይ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ ከያዙት ደህና ነው፣ ጨፋሪዋን ለመከተል ወዲያና ወዲህ ሲሉ ግን ከኋላዋ ያለው የአዳራሽ ዓምድ አብሯት ይጨፍራል። ካነኑም ከዚህ ነጻ ነው አልልም።

ቀለም የምርጫ ጉዳይ ነው ይባላል። የእኔን ምርጫ ልንገራችሁ። ጄፔግ አንስታችሁ ቀጥታ በቴሌግራም የምትልኩ ከሆነ የካነኑ የቆዳ ቀለም ደስ ይላል። ጠይም ፊት ሞቅ ብሎ ይወጣል፣ አመድ አይመስልም። ሶኒው ነጭ ሚዛኑን (በየብርሃኑ ነጩን ነጭ የሚያደርገውን ማስተካከያ) በራሱ ሲተዉት፣ በተለይ ቢጫ አምፖልና የመስኮት ብርሃን ሲቀላቀሉበት፣ አንዳንዴ ወደ አረንጓዴ ያደላብኛል። በሮው፣ ካሜራው ባላቀናበረው ጥሬ ፋይል፣ አንስቶ ለሚያስተካክል ሰው ይሄ ሁሉ ወሬ ነው። ቪዲዮ ላይ ደግሞ ሶኒው ኤስ-ሎግ አለው፣ በኋላ ቀለም እንዲሠራበት ደብዘዝ ተደርጎ የሚቀረጽበት ዓይነት ነው፣ ቀለም መሥራት የሚወድ ሰው ይጫወትበታል። አር 50 ሎግ የለውም።

አያያዝ ላይ፣ ከስልክ የመጣ ሰው ካነኑን በአንድ ከሰዓት ይለምደዋል። ሜኑው በጣት ይነካል፣ እያንዳንዱ ሞድ ምን እንደሚሠራ በሥዕል ያሳያል። ሶኒው ስክሪኑን ስትነኩት ፎከስ ያደርጋል፣ ሜኑ ውስጥ ግን ጣታችሁን አያውቃችሁም፤ በቁልፍ ነው፣ ሜኑውም ማለቂያ የለውም። ያም ሆኖ አንዳንዱ ቁልፉ ብልህ ነው። አንዱ ጀርባውን በአንድ ጊዜ ያደበዝዛል። ዕቃ ወደ ካሜራው ስታስጠጉ ፎከሱን ከፊታችሁ ወደ ዕቃው የሚያዞር ሞድም አለው፣ ሽቶና ጫማ በኦንላይን ለምትሸጡ ምቹ ነው። ካነኑም ተመሳሳይ ሞድ አለው።

ባትሪ ሁለቱም ጋ ትንሽ ነው፣ ሁለተኛ ሳትይዙ ቀኑን የሚያስውል ሥራ አትቀበሉ። መብራት ሲጠፋ በፓወር ባንክ በዩኤስቢ ሲ ይሞላሉ፣ ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የሜሞሪ ቦታቸውም አንድ አንድ ነው። ሜሞሪ ሲበላሽ መጠባበቂያ የለም ማለት ነው፣ ስለዚህ የሰው ሰርግ ዋና ካሜራ ሆናችሁ በእነዚህ ተከፍሏችሁ እንድትሄዱ አልመክርም። ሁለተኛ ካሜራ ሆናችሁ ከሆነ ሂዱ።

ስም አያሳስታችሁ። አር 100 የሚባል ርካሽ ካነን አለ፣ ስክሪኑ አይታጠፍም፣ በጣትም አይነካም። በዋጋው ተታላችሁ አትውሰዱት። አር 50 ቪ ደግሞ ሌላ ነው፣ ለቪዲዮ የተሠራና ቪውፋይንደር የሌለው። ዜድቪ-ኢ10 ሁለተኛው ትውልድም አለ፤ ባትሪው በጣም ይሻላል፣ ግን ሜካኒካል ሻተሩን ስላወጡት ከፍላሽ ጋር አይሠራም። ፎቶ በፍላሽ ለማንሳት ላሰበ ሰው የድሮው ይበልጣል ማለት ነው፣ በዚያ ላይ ይረክሳል።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ አር 50 ወሰደች። ምርቃትና ልደት ልታነሳ ነው፣ ውጪ በፀሐይ፣ የአጎቷ ሌንሶችም አሉ። ቤቷ ቁጭ ብላ የምግብ አሠራር የምትቀርጸው ጓደኛዋ አብራን ነበረች፣ ለእሷ ሶኒውን ነው የመከርኳት፣ ከሲግማ 16 ጋር፤ ቪውፋይንደር ኩሽና ውስጥ ምን ያደርግላታል? ቤቱ ያለው ሌንስና ፍላሽ የሶኒ ከሆነ ደግሞ ውጪ ለሚያነሳም ቢሆን ሶኒውን ነው የምለው፣ ነጠላውን ይልመድ።

ያገለገለ የምትገዙ ሰዎች፣ ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ አትክፈሉ። ሌንሱን አውልቃችሁ ሴንሰሩ ላይ ጭረት አለመኖሩን እዩ። የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ አጥብባችሁ፣ ኤፍ 16 ላይ፣ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱና ፎቶውን አጉሉት፤ አቧራው ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይታያል። አቧራ ይጠረጋል፣ ጭረት ግን አይጠረግም። ስክሪኑን ደጋግማችሁ ክፈቱና አዙሩት፣ የሚታጠፍ ስክሪን ገመዱ ሲደክም ብልጭ ድርግም ይላል። ማይክ ይዛችሁ ሂዱና ሰክታችሁ ቅረጹ። ሶኒ ከሆነ ደግሞ የሜኑውን ቋንቋ ክፈቱ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው ከጃፓንኛ ሌላ ቋንቋ የለውም፣ ዋጋውም የሚረክስበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። አንድ ሱቅ «አፕዴት ሲደረግ እንግሊዝኛ ይመጣል» ብሎኛል። አይመጣም። ካርቶኑ ላይ ያለው መለያ ቁጥርና ካሜራው ሆድ ላይ ያለው ካልገጠሙ ደግሞ ብራችሁን ኪሳችሁ መልሳችሁ ውጡ።